አሮጌ ቀለም ስፍቅ የከረምሁበት ክረምት

ክረምቱን ምን ሠርተህ አሳለፍህ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሁሉ እስካሁን የሰጠኋችሁ መልስ ሐሰት ነው። አንዳንዶቻችሁን «ሳነብ ከረምሁ» ብያችኋለሁ፤ ሌሎቻችሁን «ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበረ» ብያችኋለሁ። እውነቱ ግን ከሐምሌ መባቻ እስከ ጳጉሜን ድረስ በአጎቴ ግቢ ውስጥ፥ ቆርቆሮው በሚያፈስስ አንድ የዕቃ ቤት ተንበርክኬ፥ ከአንድ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ላይ ቀለም ስፍቅ መክረሜ ነው። በመስከረም የጥፍሬን ጥቁረት አይታችሁ በመኝታ ቤት የቀለዳችሁብኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ዝም ያልሁት ነገሩ በአንድ ቃል የማያልቅ ስለ ሆነብኝ ነው። አሁን የመጽሔታችን አዘጋጆች ጥቂት ገጽ ስለ ሰጡኝ እነሆ ልንገራችሁ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔን ከሰባት ዓመቴ ጀምረው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ አጎቴ ስል አባቴ ማለቴ እንደ ሆነ ይታወቅልኝ። አውቶሞቢላቸው በ1969 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት፤ ይኸውም ያ ጀርባው ጎበጥ ያለ፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ፋብሪካ የመጨረሻው የወጣ፥ በአዲስ አበባ ግን ዛሬም በየመንገዱ የሚታይ ዓይነት ነው። አጎቴ ዐይናቸው ግላኮማ በሚባለው ሕመም እየደከመ ስለ ሄደ መንዳት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ዓመት የመጨረሻዋ ልጃቸው በአንድ ኮሌጅ ነርስነት ልትማር ተቀባይነት አገኘች፤ ክፍያው ግን እስከ መስከረም 15 ቀን መግባት ነበረበት። የመምህር ጡረታ ለዚህ እንደማይበቃ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ቮልስዋገኗ ትሸጥ ተባለ።

ገዢ አልጠፋም። በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት አናጺ አምስት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥሎ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መጣ። መልካም ልጅ ነው፤ የአጎቴም ተማሪ ነበረ። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየ፤ በሮቿን ከፍቶ ዘጋ፤ ወደዳት። «እናቴን ለመስቀል ደብረ ማርቆስ ይዣት እገባለሁ» አለ። ከዚያም የኋላ ክዳኗን ከፈተ፤ የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የብር ቀለም ተቀብቶ ነበረ፤ ነገር ግን ቀለሙ በሙቀት ተቃጥሎ፥ እዚህም እዚያም ተልጦ፥ የቆዳ በሽታ የያዘው ሰው መስሏል። ልጁ ፊቱን ቋጠር አድርጎ «መምህር፥ ሞተሩ እንዴት ነው?» አለ። አጎቴም «ደኅና ነው፤ እናጸዳዋለን» አሉት።

ልጁ ከሄደ በኋላ ጠሩኝና «ልጄ፥ ያን ሞተር አሳምርልኝ። የተላጠውን ቀለም ፋቅ ፋቅ አድርግና አዲስ ቀባው። ብዙ አትድከም፤ ከላይ ከላይ ብቻ» አሉኝ።

እኔ ግን ከላይ ከላይ የሚባለውን አልሰማሁም። የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ቀለም ከምን እንደሚሠራ፥ በምን እንደሚለቅቅ በሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስረዳት እችላለሁ። አጎቴን ላስደንቅ፥ ሞተሩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ላደርግ ተነሣሁ። ሞተሩን ከመኪናዋ ለማውረድ በሰፈራችን ጋራዥ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለመንሁ። የቮልስዋገን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው፤ ክብደቱም 100 ኪሎ ገደማ ስለ ሆነ ከሁለት ልጆች ጋር ሆነን በክሪክ አውርደን፥ ተሸክመን ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባነው። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልትፍቀው ነው?» አሉኝ። «አዎን ጋሼ» አልሁ። «ሁሉንም?» «ሁሉንም።» «እኅ» ብለው ሄዱ።

ለማያውቀው አንባቢ ስለዚህ ሞተር ጥቂት ልበል። የቮልስዋገን ሞተር ውኃም ራዲያተርም የለውም። የሚበርደው በነፋስ ነው፤ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ማራገቢያ ነፋሱን በላሜራ ቤት ውስጥ አሳልፎ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይነፋዋል። ሲሊንደሮቹም ነፋሱ ብዙ ገላ እንዲያገኝ ዙሪያቸውን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ክንፎች አሏቸው። ፋብሪካው ላሜራውን ጥቁር ይቀባዋል፤ ዘይቱንና ትልቁን ተሽከርካሪ ዘንግ የያዘውን ሆድ፥ መካኒኮች ካርተር የሚሉትን፥ ራቁቱን ይተወዋል። በዚህ ላይ ሰው እያሳመረ ቀለም በቀለም ላይ ሲደርብበት፥ በቀለሙም ላይ ዘይትና አቧራ ሲጋገርበት፥ ለሞተሩ በግንቦት ፀሐይ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። የአጎቴ ሞተር ሦስት ጋቢ ለብሶ ነበረ።

መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በእራፊ ጨርቅ ወተፍሁ፤ ካንዴላዎቹን እንደ ተጠመዱ ተውኋቸው። ከዚያ በነጭ ጋዝና በብሩሽ፥ ቀጥሎም በፈላ ውኃና በኦሞ አጠብሁት። ይህ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። ቅባቱ ሳይወጣ ቀለም ለማስለቀቅ የሚነሣ ሰው መድኃኒቱን በቅባቱ ላይ ያባክናል እንጂ ቀለሙን አይነካውም።

ከዚህ በኋላ ዕውቀቴን ማሳየት ጀመርሁ። መርካቶ ወርጄ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙትን ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ፤ በፕላስቲክ ሳፋ በውኃ በጠበጥሁትና የተፈቱትን ላሜራዎች አሳደርሁበት። በማግስቱ ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፈፈ። እጅግ ደስ አለኝ። በደስታዬም ላይ የብር ቀለም የተረጨበትን የካርቡራተሩን ክዳን ከዚያው ከሳፋው ውስጥ ጨመርሁት። ወዲያው እንደ አምቦ ውኃ ይፈላ ጀመረ። እኔም እጄን አጣምሬ፥ ቀለሙ እየለቀቀ ነው ብዬ በፈገግታ አየው ነበረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው ጠቁሮ፥ ተበሳስቶ፥ ጠርዙ ተበልቷል። ላሜራው ብረት ነው፤ ክዳኑ ግን ከብረት አይደለም፤ ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየምንም ዚንክንም ይበላል፤ ሲበላም ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህን በሁለተኛ ዓመት ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት መሆኑን ስነግራችሁ አፍራለሁ። ምትኩን ከምናለሽ ተራ ለማግኘት ሦስት ቀን ዞርሁ፤ የኪስ ገንዘቤም በዚያው አለቀ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው በቱታ፥ ፊቴ ዘይት ተለቅልቆ ሲያየኝ፥ አንዲት እናት ለጎረቤታቸው «ዩኒቨርሲቲ የላኩት ልጅ ባለ እጅ ሆኖ መጣ» ሲሉ ሰማሁ። ቃሉ ለስድብ እንደ ተነገረ ታውቃላችሁ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበረ፤ የሚገርመው፥ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ቤንትሊ በሚባል እንግሊዛዊ እጅ አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢሉን ተቀብለን ዐዋጁን ረስተነዋል። የሆነ ሆኖ በዚያች ቀን የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ ካርቡራተሩን ካበላሸሁ በኋላ ባለ እጅ መባል ያልተገባኝ ሹመት መስሎ ታየኝ።

ካርተሩ ገና አልተነካም። እሱን በጉልበት ላሸንፈው አስቤ ከአንድ ብየዳ ቤት ግራይንደር ተከራየሁ፤ የሽቦ ብሩሽም ገጠምሁበት። ገና ሳስነሣው ሽማግሌው መካኒክ ገቡና አንድም ቃል ሳይናገሩ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀሉት። «ተከተለኝ» አሉኝ። ጋራዣቸው ስንደርስ ከጥግ አንድ የተሰበረ የቮልስዋገን ካርተር ስባሪ አነሡ፤ በሞረድ ጥቂት ሞረዱና ብናኙን በወረቀት ተቀብለው፥ ቡና በተጣደበት ከሰል ዳር ነሰነሱት። ነጭ ብልጭታ ወጣ፤ ዐይኔን ጨፈንሁ። «ብናኙ እንዲህ ነው» አሉ። «ብሩሽህ ከብሎኑ ጋር ተጋጭቶ እሳት ቢተፋስ? ደግሞ ከተያያዘ ውኃ አትደፋበትም፤ ይብስበታል። አሸዋ እንጂ።»

«ማግኒዥየም!» ብዬ ጮኽሁ።

«ስሙን አላውቀውም። እኛ የምናውቀው እንደሚነድድ ነው» አሉኝ።

እውነት ነው፤ የቮልስዋገን ካርተር የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ማግኒዥየም ሲነድድ ከአንድም ሁለት ጊዜ በላቦራቶሪ አይቻለሁ፤ ግን በመቆንጠጫ የተያዘችው ያች ቀጭን ጥብጣብና በአጎቴ ዕቃ ቤት የተጋደመው ዘይታም ነገር አንድ ዘር መሆናቸው አልታወሰኝም ነበረ። ሽማግሌው በዚያው ሳሉ አሲድም እንዳላስጠጋው አስጠነቀቁኝ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን እንደሚበላ ሁሉ አሲድ ደግሞ ይህን ይበላዋልና። ከዚያም ከወይራ እንጨት የተጠረበ፥ ጫፉ እንደ መሮ የሳለ መፋቂያና አንድ የነሐስ ብሩሽ ሰጡኝ። «ብረቱ ለስላሳ ነው፤ በብረት አትጫረው» አሉ።

ብርጭቆ ወረቀቱንም የተውሁት በሳቸው ምክር ነው፤ እርግጥ ምክንያታችን ይለያያል። እሳቸው የሚያስቡት ብናኙ በዘይቱ መንገድ ገብቶ ኩሽኔታውን እንዳይበላው ነው። እኔ የፈራሁት እርሳሱን ነው። መንግሥታችን በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ ያወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ ቀለም ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ስለ ሆነ በውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ደርቆ ሲፋቅ የሚወጣውን ብናኝ መተንፈስ አያስፈልግም፤ እርጥብ እንዳለ ይፋቅ።

እርጥብ የሚያደርገው ቀለም ማስለቀቂያው ነው፤ ነጋዴዎቹ ሪሙቨር ይሉታል። በብሩሽ ወፈር አድርጋችሁ ትቀቡታላችሁ፤ መልሳችሁ መላልሳችሁ አትቀቡትም፤ እንዳይደርቅ በፌስታል ትሸፍኑታላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ስትገልጡት ቀለሙ እንደ እንጀራ ዐይን አውጥቶ፥ ተኮማትሮ ተነሥቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ ወይራው ይበቃል። በእውነቱ በክረምቱ ሁሉ እንደዚች ሰዓት ደስ የሚለኝ አልነበረም። አንድ ቀን ግን ዝናብ በረታና በሩን ዘግቼ ስሠራ ራሴ ይፈልጠኝ፥ ጉልበቴ ይዝል ጀመረ። ወጥቼ ዝናብ ላይ ቆምሁ። የጣሳውን ጽሑፍ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዳይክሎሮሜቴን አለበት። ይህ ነገር በሳንባ ገብቶ በሰውነት ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ አሜሪካኖች በ2019 እ.ኤ.አ. ለተራ ሰው እንዳይሸጥ የከለከሉት ሰዎችን ስለ ገደለ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ ቢገባም ባይገባም በሩ ክፍት ነበረ።

ቀለሙ ሲነሣ ታሪኩን ይዞ ይነሣል። ከላይ የብር ቀለም፤ ከብሩ ሥር አረንጓዴ። አረንጓዴውን ሳየው ሳቅሁ፤ የግቢያችን በር ቀለም ነው። አጎቴ በሩን አስቀብተው የተረፈውን ለሞተሩ አውለውታል። ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ በላሜራው ላይ ብቻ የፋብሪካው ጥቁር አለ። በካርተሩ ላይ ከአረንጓዴው በታች ራቁቱን ግራጫ ብረት አገኛለሁ ብዬ እጠብቅ ነበረ፤ እንደዚያውም ሆነ፤ አንድ ቦታ ሲቀር።

ቦታው ከሦስተኛው ሲሊንደር በስተጀርባ፥ ወደ ካምቢዮው በኩል ነው። በዚያ ዘመን ቮልስዋገን የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ላሜራ ውስጥ፥ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ከሦስቱ ወንድሞቹ ይበልጥ ይሞቃል። ፋብሪካው በ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ አንሥቶ የራሱን ቤት ሠራለት፤ የአጎቴ መኪና ግን የ1969 ናት። እዚያ ቦታ ላይ ብሩ ሲነሣ አረንጓዴ አልነበረም። ከብሩ ሥር በቀጥታ አንድ ጠንካራ ግራጫ ነገር መጣ፤ ብረት አይደለም። ማስለቀቂያው ጠርዙን ብቻ አለሰለሰው። ሁለት ቀን ታገልሁት፤ በሁለተኛው ቀን ማታ እንደ ቅርፊት ተነሣ። ኤፖክሲ ነው፤ የብረት ማጣበቂያ።

ሥሩን በቲነር ጠረግሁትና አየሁ፤ ምንም የለም። እጄ ግን አላመነም። ከአጎቴ መሳቢያ አንድ ጠመኔ አምጥቼ ፈጭቼ በላዩ ነሰነስሁ፤ ጥቂት ጠበቅሁ። በነጩ ዱቄት ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች ቡናማ መስመር ወጣች። ዘይት ነው። ካርተሩ ተሰንጥቋል። በጣቴ ለካኋት፤ አንድ አንጓ ተኩል ትሆናለች።

በማግስቱ ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። ገና ሳልጨርስ «እኔ ነኝ የለጠፍሁት» አሉኝ። «ከሰባት ዓመት በፊት። ቦታው ለዚህ ሞተር የታወቀ ነው።» በአርጎን መበየድ ይቻል እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ሞተሩ ሁሉ ተፈትቶ ለሁለት ካልተከፈለ እንደማይሆን፥ ተበይዶም እንደማያስተማምን፥ የሚሻለው ካርተሩን መለወጥ እንደ ሆነ ነገሩኝ። «አጎቴ ያውቃሉ?» አልሁ። ቡናቸውን ጠጡና «እሳቸውን ጠይቅ» አሉ።

አልጠየቅሁም። «ከላይ ከላይ ብቻ» ያሉኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ወደ ጆሮዬ ተመልሶ መጣ። ልጅ ሆኜ ከጎረቤት ሱቅ አንዲት ከረሜላ ሰርቄ ስመጣ፥ እጄን ይዘው ባለሱቁ ፊት አቁመው ይቅርታ ያስጠየቁኝ እኚህ ሰው ናቸው።

ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈውን ብትፈርዱብኝም ልጻፈው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወጥቼ አንድ ሳጥን ኤፖክሲና ግማሽ ኪሎ የብር ቀለም ገዛሁ። ለራሴ የነገርሁት ብዙ ነገር ነበረ፤ ልጅቷ ትምህርቷን አታቋርጥም፤ ሰባት ዓመት የያዘ ልጥፍ ሌላ ሰባት ዓመት ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ ከሽማግሌው የተሻለ እለጥፈዋለሁ፤ ስንጥቁን ጫፍና ጫፉን በትንሽ ቀዳዳ አቆመዋለሁ፤ ብረቱን በደንብ አጸዳዋለሁ፤ ማንም አያውቅም። ኬሚስትሪ ተምሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በርግጥ የምችለው ነገር ያ ሆነና አረፈው። ሆኖም ኤፖክሲውን ለማዋሐድ እንጨት ባነሣሁ ቁጥር አናጺው ይታየኝ ነበረ። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ከዚያ እስከ ደጀን ያን ሁሉ ዳገት፥ በበረሃው ሙቀት፥ በሁለተኛ ማርሽ፥ እናቱን ከጎኑ አስቀምጦ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት በሙሉ ሁለት ሊትር ተኩል ነው።

ሌሊቱን አልለጠፍሁም። እንዳልለጥፍም አልወሰንሁም። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ጣሳው ላይ ተቀምጫለሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን አጎቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፥ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። አልተቀመጡም። «ቲነር ሸተተኝ» አሉ። ዝም አልሁ። ትንሽ ቆይተው «ምን ያህል ይረዝማል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አንድ አንጓ ተኩል ይሆናል» አልሁ።

«በጣትህ ነው?»

«በጣቴ።»

«ያን ጊዜ አንድ አንጓ አይሞላም ነበረ» አሉ። ጥቂት ቆሙና ተመልሰው ገቡ። እኔም ተከትያቸው የምናገረው ቃል አላገኘሁም።

እሑድ አናጺው መጣ። ሞተሩ በመደርደሪያው ላይ ራቁቱን ነበረ፤ ላሜራዎቹ ብቻ አንቲረስት ጠጥተው፥ በላዩም ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀብተው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። እንደዚያ ንጹሕ ሞተር አይቼ አላውቅም። ልጁም ሲያየው ፊቱ በራ፤ «መምህር፥ ይህማ አዲስ ነው!» አለ። አጎቴ በርጩማ አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። እጃቸውን በሲሊንደሮቹ ክንፍ ላይ እያሳለፉ አንድ፥ ሁለት ብለው ቆጠሩ፤ ወደ ግራ ዞሩና ሦስተኛውን አገኙ፤ ከኋላው ገቡ። ጥፍራቸው ብረቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እጅህን አምጣ» አሉት። ልጁ እጁን ሰጣቸው። የሌባ ጣቱን ይዘው ቦታው ላይ አኖሩት። «ተሰማህ?»

«አልተሰማኝም፥ መምህር።»

«በጥፍርህ።»

ልጁ በጥፍሩ ጫረው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። አጎቴ ሰባቱን ዓመት ሳይደብቁ ነገሩት፤ ማን እንደ ለጠፈው፥ ማን እንዳስለጠፈው፥ ባለፈው ሲመጣም ለምን ዝም እንዳሉ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ እንደነበረው ነው፤ እጃቸው ግን የልጁን እጅ አልለቀቀም።

አናጺው ተቆጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበረ። ተቆጥቷልም፤ ሳይናገር ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ተመልሶ ሽማግሌው መካኒክ ይጠሩልኝ አለ። መጡ። ለልጡፉ እሳቸውም ተጠያቂ እንደ ሆኑ ተናግረው፥ ያገለገለ ደኅና ካርተር ከተገኘ ያለ እጅ ዋጋ እንደሚገጥሙለት ቃል ገቡ። ልጁ ከተስማሙበት ዋጋ አንድ አምስተኛውን ቀነሰ። አጎቴ አልተከራከሩም።

ስለዚህ መስከረም 15 ቀን ለኮሌጁ የገባው የዓመቱ ክፍያ ሳይሆን የግማሽ ዓመቱ ነው። ቀሪውን በጥር እንድትከፍል ፈቀዱላት፤ እሱም እንደ ምንም ገባ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽማግሌው ጋራዥ እውላለሁ፤ የምትቀልዱበት ጥፍር እስከ ምርቃት ድረስ አይነጣም። አናጺው ለመስቀል አልሄደም፤ ሞተሩ ያን ጊዜ ተፈትቶ ነበረ። ለገና ግን እናቱን ደብረ ማርቆስ አድርሶ ተመልሷል። የደጀንን ዳገት እንዴት እንደ ወጣው ሊነግረኝ ጋራዥ ድረስ መጥቶ ነበረ፤ ከአጎቴ ጋር ግን ሰላምታቸው ገና እንደ ድሮው አልሆነም።

ኤፖክሲውን ሱቁ መልሶ ወሰደልኝ። የብር ቀለሙን ግን ክዳኑን ነክተኸዋል ብሎ እምቢ አለኝ፤ ግማሽ ኪሎው እንዳለ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። የውኃ በርሜል ወይም የግቢ በር የሚቀባ ወንድም ወይም እኅት ካለ መጥቶ ይውሰደው።